በ«ቢኮዝ» አይጀመርም ያለው ማነው?

በኬንያዋ ሞያሌ የሚያድግ ልጅ ቤቱ ቦረንኛ ወይም ሶማልኛ ወይም ቡርጂኛ ይናገራል፤ ገበያ ሲወጣ ስዋሂሊ ይሰማል፣ አማርኛም አይጠፋም። በአገሩ የትምህርት ፖሊሲ መሠረት እስከ ሦስተኛ ክፍል በአካባቢው ቋንቋ ይማርና ከአራተኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱ ወደ እንግሊዝኛ ይዞራል። ከድንበሩ ማዶ ያለው የአክስቱ ልጅ እንግሊዝኛን ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ ትምህርት ቢማረውም፣ ሒሳቡና ሳይንሱ በእንግሊዝኛ የሚሆንበት ሁለተኛ ደረጃ ሲገባ ነው። ከኢትዮጵያው ሞያሌ «እንግሊዝኛ ይልመድ» ብሎ ልጁን ኬንያ የሚያስተምር ወላጅ ያለውም ለዚህ ነው። ስለ እንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር የሚወራው ግን ከኬላው ወዲህም ወዲያም ያው ነው።

ከሁሉ የከፋው «በ‹ቢኮዝ› ዓረፍተ ነገር አይጀመርም» የሚለው ነው። ይጀመራል። «ቢኮዝ ኢት ሬንድ፣ ዘ ሮድ ዎዝ ክሎዝድ» ምንም እንከን የማይወጣለት ዓረፍተ ነገር ነው። ስሕተት የሚሆነው «ቢኮዝ ኢት ሬንድ» ብሎ ነጥብ ማስቀመጥ፣ ምክንያቱን ተናግሮ ውጤቱን ማስቀረት ነው። መምህራን ይህን ጉድለት ማረም ሲሰለቻቸው ቃሉን ከመጀመሪያው ቦታ ያባረሩት ይመስለኛል። ለሞያሌ ልጅ ግን ክልከላው በጣም ይከብዳል። በአማርኛ «ዝናብ ስለዘነበ መንገዱ ተዘጋ» እንላለን፤ «ምክንያቱም» ብለን ማስከተል ብንችልም፣ የለመድነው ምክንያቱን ማስቀደምና ማሠሪያ አንቀጹን መጨረሻ ላይ ማኖር ነው። ቦረንኛም እንዲሁ ግሱን መጨረሻ ያስቀምጣል። ልጁ ይህንኑ ቅደም ተከተል ወደ እንግሊዝኛ ሲያመጣ ትክክል ሠርቶ ሳለ ቀይ መስመር ይሰመርበታል።

ዘመዱ የሆነ ሌላ ስሕተት አለ፦ «ኦልዞው ኢት ሬንድ፣ በት ዊ ወንት»። ይህ እውነተኛ ስሕተት ነው፤ እንግሊዝኛ ከሁለቱ አያያዦች አንዱን ብቻ ይፈልጋል። ሆኖም የግድየለሽነት ምልክት አይደለም። «ምንም እንኳ ቢዘንብ፣ እኛ ግን ሄድን» የሚል ሰው «ምንም እንኳ»ንም «ግን»ንም ይጠቀማልና ልጁ ያደረገው የሚያውቀውን ደንብ ማክበር ነው። «በትን አውጣው፤ እንግሊዝኛ አንዱ ይበቃዋል» ብሎ ማስረዳት ከመቅጣት ይሻላል።

«ውስብስብ ዓረፍተ ነገር ረጅም ነው» የሚለው በአጭሩ ያልቃል። «ኢፍ ዩ ካም፣ አይ ዊል ጎ» ስድስት ቃል ብቻ ነው፣ ውስብስብም ነው፤ አንዱ ክፍል በሌላው ላይ ተደግፏልና። «ዚ ኦልድ ድራይቨር ኦቭ ዘ ቢግ ሎሪ ፍሮም ኢሲዮሎ ስሌፕት አንደር ዘ ትሪ ኒር ዘ ማርኬት» ደግሞ አሥራ ስድስት ቃል ይዞ ነጠላ ነው፤ ግሱ «ስሌፕት» ብቻ ነው።

ከዚህ ይልቅ ጊዜ የሚበላው «ልጁ መጀመሪያ የዓረፍተ ነገር ዓይነቶችን ስም ይወቅ፣ መጻፉ ይከተላል» የሚለው እምነት ነው። ሲምፕል፣ ኮምፓውንድ፣ ኮምፕሌክስ፣ ኮምፓውንድ ኮምፕሌክስ ብሎ በቃሉ የሚወርድ፣ አንድ አንቀጽ ጻፍ ሲባል ግን የሚጨነቅ ተማሪ ብርቅ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2007 ስቲቭ ግራሃምና ዶሎሬስ ፔሪን ከ4ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ባሉ ተማሪዎች ላይ የተደረጉ የጽሕፈት ጥናቶችን ሰብስበው ሲመዝኑ፣ የተለመደው የሰዋስው ትምህርት ጽሕፈትን አላሻሻለም፤ አጫጭር ዓረፍተ ነገሮችን አጣምሮ አንድ ማድረግ ግን አሻሽሏል። ፍራንክ ኦሄር የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1973 ተመሳሳይ ውጤት አሳትሞ ነበር። ጥናቶቹ በአብዛኛው አሜሪካ ውስጥ የተሠሩ መሆናቸውን አልዘነጋሁም፤ ልምምዱ ግን መጽሐፍም ገንዘብም ስለማይጠይቅ ሞያሌ ላይ መሞከሩ አይከብድም።

ለልጁ ሦስት ይሰጡታል፦ «ዘ ጎት ዎዝ ተርስቲ። ዘ ዌል ዎዝ ድራይ። ዘ ቦይ ዎክድ ሆም።» አንዱ ልጅ «በት» እና «ሶ» አስገብቶ ያያይዛቸዋል፤ ሌላው በ«ቢኮዝ» ጉድጓዱን አስቀድሞ ይጀምራል። ሁለቱም ይነበባሉ፣ የትኛው ምን እንዳጎላ ክፍሉ ይከራከራል። የዓይነቱ ስም የሚነገረው ከዚያ በኋላ፣ ልጁ ዓረፍተ ነገሩን በእጁ ከሠራው ወዲያ ነው። መጀመሪያ በቦረንኛ፣ በቃል ቢሞከር ደግሞ እንግሊዝኛው ሲመጣ የሐሳቡ ትስስር ያለቀለት ይሆናል።

እዚህ ላይ «የቤቱ ቋንቋ እንግሊዝኛውን ያበላሽበታል» የሚል ይነሣል። በኢትዮጵያ ትምህርት ሚኒስቴር ጠያቂነት ካትሊን ሂው፣ ካሮል ቤንሰን፣ ብርሃኑ ቦጋለና መኮንን ዓለሙ ያካሄዱት፣ በ2007 እ.ኤ.አ. የቀረበው ጥናት ያገኘው ግን የቤቱ ቋንቋ ትምህርትን እንደሚያግዝ ነው፦ ስምንት ዓመት በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው የተማሩት በስምንተኛ ክፍል ፈተና በሒሳብና በሳይንስ ተሽለው ተገኝተዋል። ስዋሂሊም ስሙን ያለ ኃጢአቱ አጥቷል። «ምቶቶ አናኩኝዋ ማዚዋ» ማለት ልጁ፣ ይጠጣል፣ ወተት ነው፤ ከባለቤት ቀጥሎ ግስ፣ ከግስ ቀጥሎ ተሳቢ፣ ልክ እንደ እንግሊዝኛው። ስዋሂሊ የለመደ ልጅ ይህን ቅደም ተከተል ገበያው አስተምሮታል።

በመጨረሻ «ኮማ ዓረፍተ ነገር ያያይዛል» የሚለው። በአማርኛ «ልጁ ከትምህርት ቤት መጥቶ፣ ምሳውን በልቶ፣ ፍየሎቹን ይዞ ወጣ» ብንል «መጥቶ»ም «በልቶ»ም ብቻቸውን አይቆሙም፤ ሁሉንም የሚያሥረው «ወጣ» ነው። ይህን የለመደ ልጅ በእንግሊዝኛ «ሂ ኬም ሆም፣ ሂ ኤት፣ ሂ ወንት አውት» ይላል። እዚያ ግን ሦስቱም ራሳቸውን የቻሉ ናቸው፣ ኮማ ብቻውን አይይዛቸውም። ልጁ ባለቤት ባላቸው ግሶች ሥር ያስምር፤ በሁለቱ መካከል «ኤንድ»፣ «በት» ወይም «ሶ»፣ ወይም ከአንዳቸው ፊት እንደ «ቢኮዝ» ያለ አያያዥ ካጣ ኮማውን ወደ ነጥብ ይቀይር።