በናይሮቢ ቀድሞ ጡረታ መውጣት፡ የመኖሪያ ፈቃዱ የማይመልሰው የሕክምና ጥያቄ

በናይሮቢ መሃል ከተማ፣ የኬንያታ ጎዳና እና የኡሁሩ አውራ ጎዳና በሚገናኙበት ጥግ ኒያዮ ሃውስ የተሰኘው ረዥም ሕንፃ ይገኛል። በፕሬዝዳንት ዳንኤል አራፕ ሞይ ዘመን በምድር ቤቱ የፖለቲካ እስረኞች ይሰቃዩበት ነበር። ዛሬ ሰዎች ወደዚያ የሚያቀኑት ለፓስፖርት እና ለመኖሪያ ፈቃድ ነው። ከአመልካቾቹ መካከል ሥራ ፍለጋ ሳይሆን ሥራ አቁመው ለመኖር የመጡ የውጭ ዜጎችም አሉ።

ለእነዚህ ሰዎች የተዘጋጀው ፈቃድ "ክላስ ኬ" ይባላል። ዕድሜው 35 ዓመት የሞላ፣ በዓመት ቢያንስ 24 ሺህ ዶላር የተረጋገጠ ገቢ ያለው እና በኬንያ ተቀጥሮ ላለመሥራት የሚስማማ ሰው ማመልከት ይችላል። በብር የሚከፈል የኢትዮጵያ ጡረታ ለአብዛኛው ሰው ወደዚህ መጠን የሚጠጋ አይደለም። ስለዚህ ዕድሉ ይበልጥ የሚቀርበው በአሜሪካ ወይም በአውሮፓ ለዓመታት ሠርተው፣ ዕድሜያቸው ሳይገፋ ወደ ምሥራቅ አፍሪካ መመለስ ለሚያስቡ ትውልደ ኢትዮጵያውያን ነው።

ፈቃዱ ስለ ገቢ ይጠይቃል። ከባዱ ጥያቄ ግን ሰውየው ቢታመም ማን ይከፍላል የሚለው ነው።

የሚቋረጠው ሽፋን

በአሜሪካ የማኅበራዊ ዋስትና ጡረታ በተቀነሰ መጠን ከ62 ዓመት ጀምሮ መቀበል ይቻላል። ሜዲኬር የተባለው የአረጋውያን የጤና መድን ግን ለአብዛኛው ሰው የሚጀምረው በ65 ነው። በ58 ዓመቱ ሥራ የለቀቀ ሰው ከአሠሪው ያገኝ የነበረውን መድን ሊያጣ ይችላል፤ ሜዲኬርን ደግሞ ሰባት ዓመት መጠበቅ አለበት። ቀኑ ሲደርስም፣ ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በስተቀር፣ ሜዲኬር ከአሜሪካ ውጭ ለተደረገ ሕክምና አይከፍልም። የጡረታው ገንዘብ ናይሮቢ ድረስ ይከተላል፤ መድኑ ግን እዚያው ይቀራል።

በብሪታኒያም ነገሩ ተመሳሳይ ነው። ነፃው የጤና አገልግሎት የሚሰጠው በአገሪቱ ለሚኖር ሰው በመሆኑ፣ ለዓመታት ግብር የከፈለ ሰውም ጠቅልሎ ከወጣ በኋላ መብቱን ያጣል።

የኬንያ ሕግ ምን ይላል?

ኬንያ ከ1966 ጀምሮ የነበረውን ብሔራዊ የሆስፒታል መድን ፈንድ አስቀርታ፣ ከአውሮፓውያኑ ጥቅምት 1/2024 ጀምሮ በማኅበራዊ ጤና ባለሥልጣን ተክታዋለች። በእንግሊዝኛ ምኅጻረ ቃሉ "ሻ" የሚባለው ይህ ተቋም ለኬንያውያን ብቻ የተቋቋመ አይደለም። ሕጉ በአገሪቱ ከ12 ወራት በላይ የሚኖሩ የውጭ ዜጎችንም ያካትታል። ከዚያ ላነሰ ጊዜ የሚቆዩት የጉዞ የጤና መድን እንዲይዙ ያዝዛል።

ብዙዎች ልብ የማይሉት ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው። የግል መድን ድርጅቶች ስለ ዕድሜ፣ ስለ ስኳር፣ ስለ ደም ግፊት ይጠይቃሉ፤ ቀድሞ ለነበረ ሕመም የመጠበቂያ ጊዜ ያስቀምጣሉ፤ በርካቶቹም ከተወሰነ ዕድሜ በኋላ አዲስ ደንበኛ አይቀበሉም። የመንግሥቱ ዕቅድ ግን አባልን በሕመም ታሪኩ አይመልስም።

ደመወዝተኞች ከገቢያቸው 2.75 በመቶ ይከፍላሉ። ደመወዝ የሌላቸው ቤተሰቦች መዋጮ የሚሰላው በሚገመተው ገቢያቸው ላይ ሆኖ ምጣኔው ተመሳሳይ ነው፤ ዝቅተኛው በወር 300 ሽልንግ ሲሆን የዓመቱ በአንድ ጊዜ ይከፈላል። የ24 ሺህ ዶላር ገቢ በዚህ ስሌት የዓመት መዋጮው 660 ዶላር ይሆናል። በአሜሪካ መድን ለገዛ ሰው ይህ ርካሽ ነው።

ጣሪያው የት ነው?

ርካሽነቱ ገደብ አለው። ዕቅዱ ሲጀመር በወጣው ታሪፍ ለካንሰር ሕክምና የሚሸፈነው በአንድ ቤተሰብ በዓመት 550 ሺህ ሽልንግ ነበር፤ ይህም ከ4 ሺህ ዶላር ጥቂት የሚበልጥ ነው። ለአንድ ጊዜ የኩላሊት እጥበት 10,650 ሽልንግ ተመድቧል። ናይሮቢ ሆስፒታልንም ሆነ አጋ ኻን ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታልን በመሰሉ የግል ተቋማት ሂሳቡ ከተመደበው በላይ ሲሆን ልዩነቱ ከታካሚው ኪስ ይወጣል። በርካታ የግል ሆስፒታሎችም ታካሚ ከማስተኛታቸው በፊት የመድን ማረጋገጫ ወይም ተቀማጭ ገንዘብ ይጠይቃሉ።

ሥርዓቱ ራሱም ገና አልረጋም። በሐምሌ 2024 ከፍተኛው ፍርድ ቤት ሕጎቹን ከሕገ መንግሥቱ ጋር ይጋጫሉ ብሎ ነበር፤ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ውሳኔውን ባያግደው ኖሮ ዕቅዱ ባልተጀመረ። በየካቲት 2025 ደግሞ የግል ሆስፒታሎች ያልተከፈለን ውዝፍ አለ በማለት አገልግሎት እስከ ማቋረጥ ደርሰዋል። የኬንያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 43 ማንም ሰው የድንገተኛ ሕክምና እንዳይከለከል ይደነግጋል፤ ከድንገተኛው ክፍል በኋላ ለሚመጣው ረዥም ሕክምና ግን ይህ ብቻውን አይበቃም።

በመሆኑም አቅም ያለው ሰው ሁለቱን መያዙ ይመረጣል፦ የመንግሥቱን እንደ መሠረት፣ የግሉን በላዩ። የግሉን በሃምሳዎቹ ዕድሜ ውስጥ ጀምሮ ማስቀጠል፣ ከስልሳ አምስት በኋላ አዲስ ከመፈለግ በእጅጉ ይቀላል።

ከአሜሪካ ለሚመጡት አንድ ሌላ ሂሳብ አለ። 65 ሲሞላቸው "ናይሮቢ አይጠቅመኝም" ብለው የሜዲኬርን ክፍል ቢ የሚተዉ፣ ኋላ ለሕክምና ወደ አሜሪካ ቢመለሱ ለዘገዩበት ለእያንዳንዱ ሙሉ ዓመት በወርሃዊ ክፍያው ላይ 10 በመቶ ሊጨመርባቸው ይችላል። ጭማሪው ሽፋኑ እስካለ ድረስ አብሮ ይኖራል። ለምዝገባ የሚፈቀደው ጊዜም በዓመት ውስጥ የተወሰነ ነው፤ ከጥር እስከ መጋቢት።