ከቦሌ እስከ ጅዳ፦ ርቀቱ፣ ሰዓቱና ኢሕራሙ

  ለዑምራም ሆነ ለሐጅ የሚነሱ ወገኖቻችን ደጋግመው የሚጠይቁት ነገር አለ፤ «አውሮፕላኑ ስንት ሰዓት ይፈጃል? ኢሕራምስ የት እናድርግ?» ሁለቱ ጥያቄዎች የተያያዙ ናቸውና አብረን እንመልከታቸው።

ከቦሌ እስከ ጅዳው የንጉሥ ዐብዱልዐዚዝ አውሮፕላን ማረፊያ በቀጥታ መስመር 1,400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አውሮፕላን ከፍታውን ከያዘ በኋላ በሰዓት 850 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል። በዚህ ስሌት መንገዱ 1 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ነው። ለመነሳት፣ ለመውረድና ማቆሚያው ለመድረስ የሚወስደው ጊዜ ሲታከልበት ግን ጉዞው ከ2 ሰዓት ይበልጣል።

ጅዳ ከእኛ በስተሰሜን ስለሆነች የሰዓት ልዩነት የለም። ልዩነቱ በአቆጣጠር ነው፤ እኛ ከጠዋቱ 2 ሰዓት የምንለውን እነርሱ 8 ይሉታል። ትኬቱም የሚጻፈው በእነርሱ አቆጣጠር ነውና ከአያት፣ ከሰሚት ወይም ከገርጂ እናቱን ይዞ የሚመጣ ልጅ ይህን አስቀድሞ ያጣራ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንምጣ። ከአገራችን በቀጥታ ወደ ጅዳ ለሚበር ሰው የተለመደው ሚቃት የለምለም ወይም የእርሱ ትይዩ ነው። የለምለም ከመካ በስተደቡብ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ስለዚህ አውሮፕላኑ ትይዩውን የሚያልፈው ጅዳ ሳይደርስ፣ በመጨረሻው ግማሽ ሰዓት ውስጥ ነው። በሙሉ ፍጥነቱ በደቂቃ 14 ኪሎ ሜትር ይሄዳል፤ የ5 ደቂቃ እንቅልፍ 70 ኪሎ ሜትር ያሳልፋል ማለት ነው። ሚቃቱን ያለ ኢሕራም ያለፈ የዑምራ ወይም የሐጅ ተጓዥ ደግሞ ወደ ሚቃቱ መመለስ፣ ካልተመለሰም በሐረም ምድር እርድ ማረድ ይኖርበታል።

መፍትሔው ቀላል ነው። ገላን ቤት ታጥቦ፣ ወንዶች የኢሕራሙን ልብስ ቤት ወይም ቦሌ ለብሰው መሳፈር ነው። ሴቶች የተለየ ልብስ የላቸውም። ልብስ መልበስ ብቻውን ኢሕራም አይደለም፤ ኢሕራም ኒያው ነው። ኒያውንና ተልቢያውን ሚቃቱ ሲቃረብ ያደርጋሉ። እንቅልፍ ይወስደኛል ብሎ የሚሰጋ ቀደም ብሎ ቢነይት ይበቃዋል። ልብሱን ለጭነት በሚሰጥ ሻንጣ ውስጥ ማስቀመጥ ግን ችግር ያመጣል፤ ሻንጣው የሚገኘው ሚቃቱ ካለፈ በኋላ ነውና። በእጅ በሚያዝ ቦርሳ ይሁን።

መጀመሪያ መዲናን ሊዘይሩ የሚሄዱ ግን ከቦሌ ኢሕራም አይጠበቅባቸውም፤ ወደ መካ ሲነሱ ከመዲና አጠገብ ካለው ዙልሑለይፋ ኢሕራም ያደርጋሉ።

ውድ ቤተሰቦች! ሽማግሌ አባቶችንና እናቶችን ስትሸኙ ከስንቁ በፊት ይህን አስረዷቸው። ለዓመታት የተቋጠረ ገንዘብና ናፍቆት በጥቂት ደቂቃ መዘናጋት እንዳይጎድል እንጠንቀቅ። አላህ (ሱ.ወ.) የሄዱትን ይቀበላቸው፣ ያልሄዱትንም ይወፍቃቸው። አሚን።