ፕሪ ሼቭ ይጠቅማል? በማሽንም በምላጭም ሞክረነዋል

ከጥቂት ወራት በፊት ጋርላንድ የሚኖር ጓደኛዬ ደወለና «አንተ የዕቃ ነገር ታውቃለህ፤ አንድ ነገር ልጠይቅህ» አለኝ። ስልኩ ወይም ላፕቶፑ የተበላሸበት መስሎኝ ነበር። ጥያቄው ግን ስለ ፂሙ ነው።

አዲስ የገባበት ሥራ አቧራና ኬሚካል ያለበት ነው። ስለዚህ ፊት ላይ ጥብቅ ብሎ የሚቀመጥ የመተንፈሻ ጭምብል ማድረግ ግዴታው ነው። በአሜሪካ የሥራ ደኅንነት መሥሪያ ቤት (ኦሻ) ደንብ መሠረት ደግሞ ጭምብሉ ቆዳ ላይ በሚያርፍበት ቦታ ሁሉ ፂም መኖር የለበትም፤ አየር ያስገባላ። እናም በየቀኑ ይላጫል። በየቀኑ ሲላጭ አንገቱ በቡግር ይሞላል፤ ቡግሩ ሲድን ጥቁር ምልክት ይተዋል። ውድ የሚባል የኤሌክትሪክ መላጫ ገዛ፤ ብዙም አልተሻለውም። አሁን ሱቅ መደርደሪያ ላይ «ፕሪ ሼቭ» የሚል ጠርሙስ አይቶ «ልግዛው ወይስ ገንዘቤን ላትርፍ?» እያለኝ ነው።

«አላውቅም፤ ግን እንሞክረው» አልኩት። ያነበብኩትንና የሞከርነውን አንድ ላይ አቀርብላችኋለሁ።

አንድ ስም፣ ሁለት የተለያዩ ነገሮች

ፕሪ ሼቭ ስሙ እንደሚለው ከመላጨት በፊት ፊት ላይ የሚቀባ ነገር ነው። ከተላጩ በኋላ ከሚቀባው አፍተር ሼቭ ጋር አይምታታባችሁ። ግራ የሚያጋባው ግን ሌላ ነው፤ በዚህ አንድ ስም የሚሸጡት ሁለት ተቃራኒ ሥራ ያላቸው ነገሮች ናቸው። ፕሮግራመር የሆናችሁ ይገባችኋል፦ ሁለት ፈንክሽኖች አንድ ስም ተሰጥቷቸው የተሳሳተውን እንደመጥራት ነው።

የመጀመሪያው ለኤሌክትሪክ መላጫ የሚሆነው ነው። አብዛኛው አልኮል ነው። በአሜሪካ ሱቆች በብዛት የሚታየው የዊሊያምስ «ሌክትሪክ ሼቭ» አልኮልና አይሶፕሮፒል ሚሪስቴት የሚባል፣ ዘይት የሚመስል ግን ቀለል ያለ ፈሳሽ አለው። አልኮሉ ላብና ወዝን ይዞ ይተናል፤ ዘይት መሰሉ ደግሞ ስስ ማንሸራተቻ ሆኖ ቆዳው ላይ ይቀራል።

ሁለተኛው ለምላጭ የሚሆነው ነው። ክሬም፣ ጄል ወይም ዘይት ሊሆን ይችላል። የታወቀው የጣሊያኑ «ፕሮራሶ» ክሬም ግሊሰሪን፣ የባሕር ዛፍ ዘይትና ሜንቶል አለው። ግሊሰሪን ውሃ ይይዛል። በአጭሩ የመጀመሪያው ያደርቃል፣ ሁለተኛው እርጥበት ይጠብቃል። ለምላጭ የተሠራውን ክሬም ለደረቅ ማሽን ከቀባችሁት ማሽኑ ይጨማለቃል። የአልኮሉን ጠርሙስ ለምላጭ ከተጠቀማችሁ ደግሞ ቆዳችሁን አድርቃችሁ ስለት ታሳርፉበታላችሁ። ስለዚህ «ይጠቅማል ወይ?» ከማለት በፊት «የትኛው፣ ለየትኛው?» ማለት ይቀድማል።

ማሽኑ ደረቅ ፂም ይወዳል

የኤሌክትሪክ መላጫን ለገበያ ያበቃው አሜሪካዊው ጃኮብ ሺክ ነው፤ ጊዜው እ.ኤ.አ. 1931 ነበር። ፊሊፕስ በ1939 ክብ ጭንቅላት ያለውን አመጣ፤ ብራውን በ1950 ባለ ስስ ወንፊቱን። እስከ ዛሬ የምንገዛቸው ማሽኖች በእነዚህ በሁለቱ ሐሳቦች ላይ የቆሙ ናቸው።

አሠራሩ ቀላል ነው። ፂሙ በስስ ብረት ቀዳዳ ወይም ስንጥቅ ውስጥ ይገባል፤ ከሥሩ የሚመላለሰው ስለት ይቆርጠዋል። ይህ እንዲሆን ፂሙ ቀጥ ብሎ መቆምና ቀዳዳውን ማግኘት አለበት። የረጠበ ፂም ይለሰልሳል፣ ይተኛል፣ ቀዳዳውን ይስታል። ላብ ያለበት ቆዳ ደግሞ ወንፊቱን ይይዘዋል፤ እኛ እየተጫንን ደጋግመን እንሄድበታለን፤ ቆዳው ይቆጣል።

አሁን ዳላስን አስቡ። እ.ኤ.አ. በ2011 ዳላስ–ፎርት ዎርዝ ውስጥ 71 ቀን ሙሉ ሙቀቱ 100 ፋራናይት (38 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ) ወይም ከዚያ በላይ ነበር። እንዲህ ባለ በጋ ከሥራ ተመልሶ ማታ የሚላጭ ሰው ፊቱ ደረቅ አይደለም። የአልኮሉ ፕሪ ሼቭ ምክንያት የሚኖረው እዚህ ጋ ነው። ታጥቦ፣ በደንብ ደርቆ፣ ቀዝቀዝ ባለ ክፍል ጠዋት የሚላጭ ሰው ግን አልኮሉ የሚሠራለትን ሥራ ፎጣው ሠርቶለታል።

ሁለት ማስጠንቀቂያ አለኝ። አልኮል ተቀጣጣይ ነው፤ ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅ ሳትጠብቁ ማሽን አታስነሡ። ሌላው፣ ዘይት መሰሉ ነገር ከፂም ብናኝ ጋር ሲቀላቀል ስለቱ ላይ ይጋገራል። ማሽኑን አዘውትራችሁ የማታጸዱ ከሆነ ለቆዳችሁ የጠቀማችሁትን በማሽናችሁ ትከፍላላችሁ።

ምላጭ ግን ውሃ ይፈልጋል

በምላጭ ሲሆን ነገሩ ይገለበጣል። ፂም ኬራቲን ከሚባል ፕሮቲን የተሠራ ነው። ውሃ ሲያገኝ ከክብደቱ 30 በመቶ ገደማ መምጠጥ ይችላል፤ ያብጣል፣ ይለሰልሳል፣ ለመቁረጥ የሚያስፈልገው ኃይልም በብዙ ይቀንሳል። ለዚህ ሞቅ ያለ ውሃና ከ2 እስከ 3 ደቂቃ ይበቃል። ቁልፉ ያለው ደቂቃዋ ላይ ነው። ብዙዎቻችን ውሃ ረጨት፣ አረፋ ቀባ፣ ወዲያው ምላጭ ነው።

ስለቱም ከፂሙ ይጎዳል። የኤምአይቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2020 ሳይንስ በተባለው መጽሔት ባሳተሙት ጥናት ፀጉር ከምላጭ ብረት 50 ጊዜ ያህል ለስላሳ ሆኖ ሳለ ስለቱን እንደሚሸርፈው በማይክሮስኮፕ አሳይተዋል። የተሸረፈ ስለት ቆዳ ይጭራል። የአሜሪካ የቆዳ ሐኪሞች አካዳሚ ከ5 እስከ 7 ጊዜ ከተላጫችሁ በኋላ ምላጩን ቀይሩ የሚለው በከንቱ አይደለም።

ስለዚህ ክሬሙ ወይም ዘይቱ ምን ይጨምራል? ማንሸራተት ይጨምራል፤ ውሃው ቶሎ እንዳይደርቅም ይረዳል። ማለስለሱን የሚሠራው ግን ውሃው ነው። ቅደም ተከተሉም ልዩነት አለው፦ መጀመሪያ ውሃ፣ ከዚያ ክሬም ወይም ዘይት። ደረቅ ፂም ላይ ዘይት ከቀባችሁ ውሃው እንዳይገባ በር እየዘጋችሁ ነው።

የዚህ አካባቢ ውሃም የራሱ ነገር አለው። ለጋርላንድ፣ ለሪቻርድሰንና ለፕላኖ የሚመጣው ውሃ ዋና ምንጩ የላቨን ሐይቅ ነው፤ ካልሲየም አያጣም። የውሃ ማፍያችሁ ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ነገር እሱ ነው። ካልሲየም ከሳሙና ጋር ሲገናኝ አረፋውን ይሰብራል፣ ቆዳ ላይም ደረቅ ቅሪት ይተዋል። ተራ ሳሙና ቀብተው ለሚላጩ ሰዎች ግሊሰሪን ያለው ነገር ልዩነት የሚያመጣው በከፊል በዚህ የተነሣ ነው።

ሙከራችን

ሦስት ሳምንት በማሽን፣ ሦስት ሳምንት በምላጭ ሞከርን። እሱም እኔም ፊታችንን ለሁለት ከፈልነው፤ በአንዱ ጎን ፕሪ ሼቭ፣ በሌላው ጎን ምንም። በየሳምንቱ ጎኑን እንቀያይራለን። በሥራ ቋንቋ ኤ/ቢ ቴስት የምንለው ነው። ሁለት ሰው ጥናት አይባልም፤ በሆነ አጋጣሚ የመጣ ውጤት ሊኖርበት ይችላል። ግን ማስታወቂያ ከማንበብ ይሻላል።

በማሽን፦ ማታ፣ ላብ በላብ ሆነን ስንላጭ አልኮሉ የተቀባው ጎን በግልጽ ቀለለ። ማሽኑ አልያዘም፣ ድግግሞሹም ቀነሰ። ጠዋት ፊታችን ደርቆ ሲሆን ግን ዓይናችሁን ጨፍናችሁ የቱ ጎን እንደሆነ ብትሉን አንመልስም ነበር። ያለፈው ቀን ጭረት ካለ ደግሞ አልኮሉ ያቃጥላል።

በምላጭ፦ በሞቀ ውሃ ፎጣ አርጥበን 3 ደቂቃ ፊታችን ላይ ስናቆይ ክሬም ያለውና የሌለው ጎን አልተለዩም። በችኮላ፣ በቀዝቃዛ ውሃ ስንላጭ ግን ክሬም ያለው ጎን ተሻለ። ስለዚህ ክሬሙ የሚሸጥላችሁ ዋናው ነገር ጊዜ ነው፤ ጊዜ ያለው ሰው በነጻ ያገኘዋል።

ቡግሩስ?

ጓደኛዬን ያሳሰበው ግን ይህ ነበር፤ እዚህ ላይ ደግሞ ውጤቱ አላስደሰተውም። በስድስቱም ሳምንት የአንገቱ ቡግር በሁለቱም ጎን እኩል ነበር።

ምክንያቱ ሲታይ አይገርምም። የእኛ ፂም ጥምዝ ነው። ወደ ታች ተጠግቶ ሲቆረጥ ሹል ጫፍ ይዞ ያድግና ተጠምዝዞ ወደ ቆዳ ተመልሶ ይገባል፤ ሰውነት እንደ ባዕድ ነገር ይዋጋዋል። ሐኪሞች ሱዶፎሊኩላይቲስ ባርቤ ይሉታል፤ በጥቁር ወንዶች ላይ በጣም የተለመደ ነው። የአሜሪካ አየር ኃይል እ.ኤ.አ. በ2020 በዚህ የተነሣ የማይላጩ ወታደሮችን የሕክምና ፈቃድ እስከ 5 ዓመት ያራዘመው ለዚህ ነበር። ፕሪ ሼቭ ቆዳን ያንሸራትታል እንጂ የፂምን ጠመዝማዛነት አይቀይርም። እንዲያውም ምላጩ ይበልጥ ተጠግቶ እንዲቆርጥ ከረዳው ነገሩን ሊያብሰው ይችላል።

የሚረዳው ተጠግቶ አለመላጨት ነው። ፂሙ ባደገበት አቅጣጫ መሄድ፣ ቆዳን አለመወጠር፣ አንድ ቦታ አለመደጋገም፣ ከተቻለም በቶንዶስ 1 ሚሊ ሜትር ያህል ማስቀረት። ልጅ ሆነን አዲስ አበባ ፀጉር ቤት ስንቀመጥ በቶንዶስ ዜሮ አድርገው ይሰዱን ነበር፤ እጅ ሲያሳልፉበት ትንሽ ይሻክራል። ያኔ ጉድለት ይመስለኝ ነበር። ለካ ለአንገታችን የሚበጀው ያቺ የቀረችው ሻካራ ናት።

ለጓደኛዬ ግን 1 ሚሊ ሜትር ማስቀረት አይሆንም፤ ጭምብሉ አይፈቅድም። ስለዚህ መፍትሔው ሌላ ዕቃ ሆነ። በባትሪ ማራገቢያ የተጣራ አየር የሚነፋ፣ ፊት ላይ የማይጣበቅ ኮፍያ መሰል መተንፈሻ አለ። ፊት ላይ ስለማይጠብቅ ፂም ላለው ሰውም ይሆናል። የቆዳ ሐኪም ጋ ሄዶ ወረቀት አጻፈና ለአለቃው አቀረበ። መልስ እየጠበቀ ነው፤ እስከዚያው በምላጭ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ወደ ታች ይላጫል።

በአጭሩ ምን ልግዛ?

በላብ ሰዓት በማሽን የምትላጩ ከሆነ የአልኮሉ ፕሪ ሼቭ ይጠቅማችኋል። ማሽናችሁ በአረፋም የሚሠራ ዓይነት ከሆነና አረፋ የምትጠቀሙ ከሆነ አያስፈልጋችሁም። በምላጭ የምትላጩ ከሆነ መጀመሪያ 3 ደቂቃ ሞቅ ያለ ውሃ ሞክሩ፤ ጊዜ ካጣችሁ ክሬሙን ግዙ። ቡግር ካላችሁ ገንዘባችሁን ለቶንዶስ አውሉት፤ ጠባሳው እያበጠ የሚሄድ ከሆነ ደግሞ ሐኪም ዘንድ ሂዱ።

ለወንድም ወይም ለአባት መላጫ ይዛችሁ አገር ቤት የምትሄዱ፣ ቻርጀሩ ላይ «100–240 ቮልት» የሚል መኖሩን አይታችሁ ግዙ። እዚህ 120፣ እዚያ 220 ቮልት ነው። 120 ብቻ የሚል ከሆነ አገር ቤት ሶኬት ላይ የመጀመሪያው ቀን የመጨረሻው ይሆናል።

ጓደኛዬ ጠርሙሱን አልገዛውም። የሞከርንበትን የእኔን ግን ወስዶታል፤ «ለነሐሴ ይሆነኛል» ብሎ።