ቡድን ሲሸነፍ አሠልጣኙ ለምን ይባረራል?

ደጋፊ ቡድኑ ሲያሸንፍ «አሸነፍን» ይላል፤ ሲሸነፍም «ተሸነፍን» ይላል። «ወሰንን» የሚል ደጋፊ ግን እስካሁን አልተሰማም። በቡሬ፣ በፍኖተ ሰላምና በደምበጫ ዲኤስቲቪ ባለበት ቤት ተጨናንቆ ጨዋታ የሚመለከተው ወጣት፣ ግማሹ የማንቸስተር ዩናይትድ፣ ግማሹ የአርሴናል ወገን ነው፤ የባሕር ዳር ከነማ ስም ሲነሣ ደግሞ አብዛኛው የአንድ ቤት ልጅ ይሆናል። እሮሮው ግን ለሁሉም አንድ ነው፤ «ተጫዋቹን ለምን ሸጡት? አሠልጣኙን ለምን አባረሩት? ይህንንስ ለምን አመጡብን?» የሚል ነው። ይህ ጽሑፍ እሮሮው ከምን እንደሚመነጭ፣ ውሳኔ ሰጪዎቹም ለምን ደጋግመው እንደዚያ እንደሚወስኑ ለማስረዳት የተዘጋጀ ነው።

በመጀመሪያ ሁለት ዓይነት ሽንፈት መኖሩን ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል። ኳስ ምሰሶ መትታ ስትመለስ ደጋፊ ያዝናል እንጂ አይቀየምም፤ የዕድል ነገር ነውና። በቢሮ ውስጥ ከተሠራ ስሕተት የመጣ ጉዳት ግን ቂም ሆኖ ይቀራል። ለዚህ ብሔራዊ ቡድናችን ያየው ነገር በቂ ምስክር ነው። ቡድኑ ከ31 ዓመት በኋላ በ2005 ዓ.ም. ወደ አፍሪካ ዋንጫ ተመለሰ፤ በዚያው ዓመትም ለብራዚሉ የዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ይጫወት ነበር። ሰኔ 1 ቀን ቦትስዋናን በገዛ ሜዳዋ 2 ለ 1 አሸነፈ። ይሁን እንጂ ሁለት ቢጫ ካርድ ያለበት፣ በዚያን ቀን መሰለፍ የማይገባው ተጫዋች ተሰልፎ ስለ ተገኘ ፊፋ ውጤቱን ሽሮ 3 ለ 0 ለቦትስዋና ፈረደ። የምርመራው ወሬ የተሰማውም ሰኔ 9 ቀን፣ ቡድናችን ደቡብ አፍሪካን በአዲስ አበባ 2 ለ 1 አሸንፎ ሕዝቡ በደስታ ወደ አደባባይ በወጣበት ዕለት ነው። ተጫዋቾቹ በጳጉሜን መካከለኛው አፍሪካን 2 ለ 1 በማሸነፍ ምድቡን በአንደኛነት ጨርሰው ጉዳቱን ጠገኑት። በ2006 ዓ.ም. መጀመሪያ በናይጄሪያ በሁለቱም ጨዋታ ተሸንፈው ከዓለም ዋንጫ ሲቀሩ ሕዝቡ አጨበጨበላቸው እንጂ አልወቀሳቸውም። ሕዝቡን ያበሳጨው ሁለት ቢጫ ካርድ የሚቈጥር ሰው መጥፋቱ ነው። ለዚህ ሥራ ትልቅ ሀብት አያሻም፤ አንድ ደብተርና አንድ እርሳስ ይበቃል።

ሁለተኛው የብስጭት ምንጭ የአሠልጣኝ መለዋወጥ ነው። ያንን ቡድን ለአፍሪካ ዋንጫ ያበቁት አሠልጣኝ ሰውነት ቢሻው በ2006 ዓ.ም. ተሰናበቱ። ከእርሳቸው በኋላ ፖርቱጋላዊው ማርያኖ ባሬቶ፣ ቀጥሎ ዮሐንስ ሳህሌ፣ ገብረ መድኅን ኃይሌ፣ አሸናፊ በቀለ፣ አብርሃም መብራቱ፣ በ2013 ዓ.ም. ደግሞ ውበቱ አባተ ተሾሙ። በሰባት ዓመት ውስጥ ስድስት ሰው መሆኑ ነው። ውበቱ አባተ ቡድኑን በጥር 2014 ዓ.ም. ዳግመኛ ለአፍሪካ ዋንጫ አበቁት፤ በ2015 ዓ.ም. እርሳቸውም ሄዱ። ስድስቱ ሁሉ ሥራቸውን የማያውቁ ናቸው ማለት አይቻልም። ታዲያ የሚለዋወጠው ለምንድን ነው?

መልሱ ከእግር ኳስ ይልቅ ስለ ሥልጣን የሚናገር ነው። ቡድን ሲሸነፍ አንድ ነገር መደረግ አለበት ተብሎ ይጮኻል። ሃያ አምስት ተጫዋች በውል የታሰረ ስለ ሆነ በአንድ ቀን አይባረርም። የሕፃናት ማሠልጠኛ ለማቋቋም ዓመታት ይፈጃል። የክለቡ የበላይ ኮሚቴ ደግሞ ራሱን አያባርርም። እንግዲህ የሚቀረው አሠልጣኙ ብቻ ነው፤ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን እንዲሉ።

«ቢሆንም አዲስ አሠልጣኝ ሲመጣ ቡድኑ ይሻሻል የለም ወይ?» የሚል አይጠፋም። ባስ ተር ዌል የተባሉ የኔዘርላንድ የኢኮኖሚ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1986 እና በ2004 መካከል የነበሩትን የአገራቸውን ሊግ ውጤቶች መርምረው ጥናታቸውን በ2011 አሳትመዋል። አሠልጣኛቸውን ያባረሩ ክለቦች ውጤታቸው ተሻሽሏል፤ ነገር ግን በተመሳሳይ ሁኔታ ወድቀው አሠልጣኛቸውን ያላባረሩትም እንደዚያው ተሻሽለዋል። ምክንያቱ አስቸጋሪ አይደለም። በተከታታይ መሸነፍ ከፊሉ የችሎታ ማነስ፣ ከፊሉ የዕድል መጥፋት ነው፤ የዕድሉ ክፍል በጊዜው ይመለሳል። በረዶ ጤፉን የመታበት ገበሬ በማግሥቱ ዓመት የተሻለ ቢያመርት ሞፈር ስለ ለወጠ አይደለም። የችሎታው ክፍል ግን ከሥሩ ካልታከመ አይድንም። በሜጫ የቆጋ መስኖ ሲታቀድ 7,000 ሄክታር ያኽል መሬት እንዲያጠጣ ታስቦ ነው፤ ከቦዩ መጨረሻ ያለው ገበሬ ውኃ ሲያጣ መዝጊያው ላይ የቆመውን ሰው መለወጥ ብቻውን አያጠጣውም። ቦዩ በየት በኩል እንደ ተሰበረ ወርዶ ማየት ያስፈልጋል።

ወደ ክለቦቻችን ስንመለስ ቦዩ የተሰበረበት ቦታ የባለቤትነት ጉዳይ ሆኖ እናገኘዋለን። ከአገራችን ክለቦች ብዙዎቹ የከተማ አስተዳደር ወይም የመንግሥት ድርጅት ናቸው። ወጪያቸው የሚሸፈነው በመግቢያ ቲኬት ሳይሆን በአመዛኙ ከበጀት ነው። በነሐሴ 2011 ዓ.ም. የተጫዋች ወርኃዊ ደመወዝ ከ50,000 ብር እንዳይበልጥ መወሰኑ ገንዘቡ ወዴት ይሄድ እንደ ነበር ያመለክታል። በ2013 ዓ.ም. ደግሞ ሊጉ በተመረጡ ጥቂት ከተሞች እየተዘዋወረ እንዲካሄድ ተደረገ፤ ከዲኤስቲቪ ጋርም ለአምስት ዓመት የ22.5 ሚሊዮን ዶላር ውል ተፈረመ። የጨዋታው በቴሌቪዥን መታየት መልካም ነው። ነገር ግን ክለቡ በሜዳው ካልተጫወተ ደጋፊው ከክለቡ ሒሳብ ውስጥ ጨርሶ ይጠፋል። ከቡሬ አውቶቡስ ተሳፍሮ ባሕር ዳር ድረስ ሄዶ «የጣና ሞገድ» ብሎ ይጮኽ የነበረው ሰው በክለቡ ላይ የነበረችው ጥቂት ኀይል ያች የመግቢያ ብርና ያ ጩኸት ነበሩ። ቲኬት ያልገዛ ሰው ቅር ቢለው ማን ይሰማዋል?

ቲኬት መግዛትም ቢሆን ብቻውን መድኃኒት አለመሆኑን የማንቸስተር ዩናይትድ ደጋፊዎች ያውቁታል። የክለቡ አስተዳዳሪዎች አሠልጣኝ ቴን ሃግን እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2024 ውላቸውን አራዝመው፣ በአዲስ ተጫዋቾች ላይ ብዙ ገንዘብ ካወጡ በኋላ፣ በጥቅምት መጨረሻ አባረሯቸው። በዚያው የውድድር ዘመን ክለቡ ከ20 ቡድኖች 15ኛ ወጣ፤ የነበረውም 42 ነጥብ ብቻ ነው። ሜዳው ግን ሞልቶ ነበር። የገበያ ሕግ እቃው ሲበላሽ ገዢው ወደ ሌላ ሱቅ ይሄዳል ይላል፤ ደጋፊ ግን ሱቅ አይለውጥም።

አልበርት ሂርሽማን እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተሙት መጽሐፍ አንድ ድርጅት ሲበላሽ ሰዎች ሁለት መንገድ እንዳላቸው ገልጸዋል፤ ይኸውም ትቶ መሄድ ወይም ድምፅን ማሰማት ነው። ታማኝነት የመጀመሪያውን መንገድ ያዘገየዋል። እ.ኤ.አ. በ2005 የግሌዘር ቤተሰብ ማንቸስተር ዩናይትድን ሲገዛ ጥቂት ደጋፊዎች ትተው ወጥተው የራሳቸውን ክለብ አቋቁመዋል፤ የሚበዛው ግን ቀረ። መሄድ ለማይሆንለት ሰው እንግዲህ የሚቀረው ድምፅ ነው። ጀርመኖች ይህን ተገንዝበው እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ፣ ከጥቂት ክለቦች በስተቀር፣ ከክለቡ የድምፅ መብት ከግማሽ የሚበልጠው በአባላት እጅ እንዲሆን ደንግገዋል። በዚያ አገር ደጋፊ «ወሰንን» ለማለት መብት አለው፤ ቡድኑ ሲሸነፍም ከፊሉ ኀላፊነት የእርሱ ነው።

የእኛ አገር ደጋፊ ይህን ያኽል መብት ባይኖረውም አንድ ከባድ ማስረጃ በእጁ አለ። ክለቡ የሚኖረው በከተማው በጀት ከሆነ የሚኖረው በእርሱ ግብር ነው። ስለዚህ ድንጋይ መወርወርና ዳኛ መስደብ ትቶ ሊጠይቃቸው የሚገባ ጥያቄዎች አሉ። የክለቡ የዓመት ወጪ ስንት ነው? ከዚያ ውስጥ ለታዳጊዎች የዋለው ስንት ነው? አሠልጣኙ የተሾመው በምን መመዘኛ ነው? የተሰናበተውስ ምን ሳያሟላ ቀርቶ ነው? መመዘኛው በሹመቱ ቀን ካልተጻፈ በስንብቱ ቀን ሊገኝ አይችልም።

እነዚህን ጥያቄዎች መጠየቅ የሒሳብ፣ የሕግና የአስተዳደር ተማሪ ለሆንነው ለእኛ አስቸጋሪ ሊሆን አይገባም። በፍኖተ ሰላም ዳር በጨርቅ ኳስ የሚጫወተው ልጅ ነገ ለክለብ ይድረስ አይድረስ የሚለየው ለትልልቆቹ ደመወዝ ከወጣ በኋላ በሚተርፈው ገንዘብ ነው። አሠልጣኙ በመጣና በሄደ ቍጥር የስንብትና የቅጥር ገንዘብ የሚከፈለውም ከዚሁ ከረጢት ነው።