የሞቀ ቤት ማለት የታፈነ ቤት ማለት አይደለም



ደሴ ከጦሳ ተራራ ሥር፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የምትገኝ ስለ ሆነች፣ በከተማይቱም ሆነ በዙሪያዋ ባለው ደጋ ብርዱ ቀላል አይደለም። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ውርጭ ሲወርድ የቤት እመቤት አስቀድማ የምታስበው ልጆቿን ማሞቅ ነው። ስለዚህ በሩ ይዘጋል፤ ቀዳዳው ሁሉ በጨርቅ ይወተፋል፤ እሳቱም ከቤቱ መካከል ይነዳል። እንግዳ ሲመጣም «ግቡ፣ እሳት ሙቁ» ይባላል። ይህ የወሎ ደግነት ነው፤ እኛም በየመንደሩ ስንዞር ብዙ ጊዜ ደርሶናል።

ነገር ግን እሳቱ ሲነድ ጭሱም አብሮ እቤት ይቀራል። አንድ ቀን በደሴ አቅራቢያ ከአንድ ቤት ገብተን ገና ሳንቀመጥ ዐይናችን አነባ። አያቱ ያዘሉት የ8 ወር ሕፃን ያለማቋረጥ ያስል ነበር። «ብርድ መትቶት ነው ልጆቼ፤ ለዚህ ነው መስኮቱን የደፈንኩት» አሉን። ትንፋሹን ብንቆጥር በአንድ ደቂቃ 56 ሆነ። በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ እንዲወሰድ አደረግን፤ የሳንባ ምች ነበር።

ጭስ የሕፃንን ሳንባ እያደከመ ለምች ያጋልጠዋል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው፣ በ2020 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በዓለም ላይ 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ቤት ውስጥ በሚነድ ማገዶና በመሰለው ጭስ ምክንያት ሞተዋል። ስለዚህ ልጃችሁ ሲያስል፣ ጸጥ ባለበት ሰዓት አንድ ደቂቃ ሙሉ ትንፋሹን ቁጠሩ። ከ2 ወር እስከ 1 ዓመት ያለው 50 ጊዜና ከዚያ በላይ፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት ያለው 40 ጊዜና ከዚያ በላይ ከተነፈሰ፣ ወይም ሲተነፍስ ደረቱ ከጎድኑ በታች ወደ ውስጥ ከገባ፣ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ከ2 ወር በታች ያለ ጨቅላ ከታመመ ግን ቁጥር አይጠበቅም።

«ታዲያ በብርድ እንለቅ ወይ?» አሉን እማማ። ጥያቄያቸው ትክክል ነው። መልሱም ይኸውላችሁ።

አንደኛ፤ ግድግዳው ይመረግ። ብርዱ የሚገባው በተሰነጠቀ ግድግዳና ከበር ሥር ነው። ከጭድ ጋር በደንብ በተቦካ ጭቃ ስንጥቁን ድፈኑ፤ ሲደርቅም ውስጡን በነጭ አፈር ወይም በኖራ ቀቡት። ነጭ ግድግዳ ብርሃን ያበዛል፤ መሶቡና ስፌቱም ሲሰቀልበት ደምቆ ይታያል፤ ቤቱም ያምራል።

ሁለተኛ፤ ምድጃው ከመኝታ ይለይ። ቢቻል ማድ ቤት ለብቻው ይሠራ፤ ባይቻል ምድጃው ወደ ግድግዳ ተጠግቶ ከበላዩ የጭስ መውጫ ይበጅለት። ከወለሉ አንድ ክንድ ያህል ከፍ ቢል ደግሞ ድክ ድክ የሚል ልጅ እሳት ውስጥ አይወድቅም።

ሦስተኛ፤ መስኮት ይኑር። ነፋስ በማይበረታበት ወገን አንድ ክንድ በአንድ ክንድ የሆነ መስኮት በቂ ነው። ቀን ፀሐይ ሲወጣ ይከፈት፤ ማታ እሳቱ ጠፍቶ ጭሱ ከወጣ በኋላ በእንጨት መዝጊያው ይዘጋ።

አራተኛ፤ መደቡ ደረቅ ይሁን። ከእርጥብ መሬት የሚመጣው ብርድ ወደ ሰውነት ይዘልቃል። አጎዛውንና ብርድ ልብሱን በየሳምንቱ ፀሐይ አስመቱ፤ ልብሱን ደግሞ በፈላ ውሃ እጠቡ፤ ቅማል የግርሻ ትኩሳት ያስተላልፋልና።

አምስተኛ፤ ከብቶቹ የራሳቸው በረት ይኑራቸው። እርግጥ ነው፣ ትንፋሻቸው ቤት ያሞቃል፤ ሌባም ያሰጋል። ቢሆንም ዝንብና ቁንጫ ይስባሉ፤ ዝንቡም ከልጅ ዐይን ወደ ልጅ ዐይን ትራኮማ ያመላልሳል። ከቤቱ ግድግዳ ጋር የተያያዘ፣ በሩ ግን የተለየ በረት ሁለቱንም ሥጋት ያቀልላል።

ከደሴ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ወርዳችሁ ኮምቦልቻ ስትደርሱ ብርዱ ይቀንሳል፤ ከፍታው ከ2,000 ሜትር በታች ስለ ሆነ ግን ወባ አለ። በዚያ መስኮቱ ሰፋ ይበል፤ ቢቻል ወንፊት ሽቦ ይደረግበት። አጎበሩም ዓመቱን ሁሉ፣ በተለይ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ፣ ከመኝታው ላይ ይዘርጋ እንጂ ተጣጥፎ አይቀመጥ።

ስለ ከሰል አንድ ነገር እንጨምር። «ጭስ የለውምና አይጎዳም» የሚሉ አሉ፤ ተሳስተዋል። ከከሰል ቀለምም ሽታም የሌለው መርዘኛ አየር ይወጣል፤ በተዘጋ ቤት የተኛውን ሰው ሳይነቃ ይገድለዋል። ስለዚህ ቡናው ተጠጥቶ ሲያበቃ፣ ከመተኛታችሁ በፊት ማንደጃውን ከቤት አውጡ። ቡናውንም ከበር አጠገብ ቁሉት፤ ዕጣኑን መጥኑት፤ ሕፃኑም ራቅ ብሎ ይቀመጥ።

ከጥቂት ወራት በኋላ ወደዚያች ቤት ተመለስን። ሕፃኑ ድኖ ይድሃል። ምድጃው ከመካከል ተነሥቶ ጥግ ይዟል፤ ግድግዳው ነጥቷል፤ መስኮቱም ተከፍቷል። እማማ ቡና እየቀዱልን «ድሮ እንግዳዬን በድምፁ ነበር የማውቀው፤ አሁን ፊቱንም አየሁት» ብለው ሳቁ። እናንተም በዚህ ሳምንት ከአምስቱ አንዱን ጀምሩ፤ በመጀመሪያ ግን የልጃችሁን መኝታ ከእሳቱ ጭስ አርቁ።