ሽልንግና ስሙኒ ስማቸውን ከወዴት አገኙ?

በመዝገብ ላይ «50 ሳንቲም» እና «25 ሳንቲም» ብለን የጻፍነውን በገበያ «ሽልንግ» እና «ስሙኒ» ብለን እንጠራዋለን። ምክንያቱ ምንድን ነው?

ሽልንግ የእንግሊዞች ገንዘብ ስም ነበር። ጣሊያን በ1933 ዓ.ም. ድል ከሆነ በኋላ የምሥራቅ አፍሪቃ ሽልንግ በአገራችን ይዘዋወር ነበር። በ1937 ዓ.ም. አዲሱ የኢትዮጵያ ብር ሲታወጅ ዋጋው ሁለት ሽልንግ ሆነ፤ ስለዚህ የብሩ ግማሽ የእንግዳውን ስም ወረሰ።

ስሙኒ ግን ከዚያ የቀደመ ነው። ትርጓሜው ስምንተኛ እጅ ማለት ሲሆን፣ ዳግማዊ ምኒልክ በ1887 ዓ.ም. ባሠሩት ገንዘብም የብር ስምንተኛው «ተሙን» ይባል ነበር። 25 ሳንቲም የብር ሩብ ሆኖ ሳለ በስምንተኛ ስም መጠራቱ፣ ሒሳቡ ቢለወጥም ስሙ ከሕዝብ አፍ እንዳልጠፋ ያስረዳል።

በኋላም አታላዮች ክቡን የመዳብ ስሙኒ ብር እየቀቡ ሽልንግ ነው ብለው ስለ ሰጡ፣ ጠርዙ ሞገድ መስሎ እንዲቆረጥ ተደረገ።

ዛሬ ሁለቱም የሚገዙት ነገር እጅግ ጥቂት ነው። እንግዲህ ልጆቻችሁ «ስሙኒ ምንድን ነው?» ብለው ሲጠይቁ፣ ከዋጋው ጋር ታሪኩንም ንገሩአቸው።