ሐኪሙ ሳይነካኝ ምኑን መረመረኝ?

ከቀዶ ጥገና በፊት የማደንዘዣ ባለሙያ በቪዲዮ አነጋግሮ ሲያሰናብት ብዙ ሰው «ሳይነካኝ ምኑን መረመረኝ?» ይላል። ጥርጣሬው የሚናቅ አይደለም፤ ራሱን ስቶ ሊተኛ ያለ ሰው በእጁ የዳሰሰውን ሐኪም ማመን ይቀለዋል። ሆኖም አደጋው የሚታወቀው በአብዛኛው በሽተኛውን አውጣጥቶ በመጠየቅ ነው። እንግሊዝ ውስጥ በ1975 እ.ኤ.አ. 80 ተመላላሽ ታካሚዎች ሲጠኑ፣ በ66ቱ ላይ ሐኪሙ ታሪካቸውን ሰምቶ የገመተው በሽታ መጨረሻ ከተረጋገጠው ጋር አንድ ሆኖ ተገኝቷል። ይበልጥ የሚያስገርመው ደግሞ በ2018 እ.ኤ.አ. የታተመው ጥናት ነው። ከባድ ቀዶ ጥገና የሚጠብቃቸው 1,401 ሰዎች ተካተውበታል። ሐኪሞቹ በራሳቸው ግምት «አቅም የለውም» ብለው የለዩት፣ በእንቅስቃሴ ፈተና አቅም ካነሳቸው ውስጥ ከአምስቱ አንዱን ያህል ብቻ ነበር። ደረጃ መውጣትንና የቤት ውስጥ ሥራን የመሳሰሉ 12 ጥያቄዎች ያሉት መጠይቅ ግን ከቀዶ ጥገናው በኋላ ለሞት ወይም ለድንገተኛ የልብ ሕመም የሚሰጋውን በመለየት በልጦ ተገኘ። ይህን መጠይቅ በስልክ መጠየቅ ይቻላል።

«የመተንፈሻ ቱቦ ማስገባት ያስቸግር እንደሆነስ በምን ይታያል?» የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው፤ አብዛኛው መልስ ግን በካሜራ ይገኛል። ታካሚው ፊቱን ወደ ብርሃን አዙሮ ይቀመጣል፣ አፉን ከፍቶ ምላሱን ያወጣል፣ ሦስት ጣቶቹን ደራርቦ በላይና በታች ጥርሶቹ መካከል ያስገባል፣ አንገቱን ወደ ኋላ ያቀናል። ጎኑን ሲያዞር እንቅርት ካለ ይታያል፤ «በጀርባዎ ሲተኙ ያፍንዎታል?» ተብሎም ይጠየቃል። የሚነቃነቅና ሰው ሠራሽ ጥርስም እዚያው ይመዘገባል። ቤት መሆኑ የሚሰጠው ጥቅምም አለ፦ የመድኃኒቱ ስም ቢረሳ፣ የደም ማቅጠኛውም ሆነ የስኳሩ መድኃኒት ከነማሸጊያው ካሜራ ፊት ይቀርባል።

ካሜራ የልብ ድምፅ አያዳምጥም፤ ይህን መካድ ሕዝብን ማታለል ነው። የቁርጥማት የልብ ሕመም በበዛባት ኢትዮጵያ ደግሞ ጉድለቱ ቀላል አይደለም። ስለዚህ የቪዲዮው ምርመራ ወንፊት ነው፤ ትንፋሽ የሚያጥረው፣ እግሩ የሚያብጠው ወይም የልብ ቫልቭ ችግር አለብህ የተባለ ሰው በአካል ይጠራል፤ ሌላውም በቀዶ ጥገናው ዕለት በአካል ይታያል። ሎስ አንጀለስ በሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የተሠራና በ2020 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት 419 ሰዎችን በቪዲዮ አይቶ ነበር። በዕለቱ ቀዶ ጥገናቸው የተሰረዘባቸው ከመቶ ሦስት ያህል ሲሆኑ፣ በአካል ከታዩትም ቁጥሩ ተመሳሳይ ነው። ታካሚዎቹ በዕጣ ስላልተመደቡ ጥናቱ የመጨረሻ ማስረጃ አይሆንም። ያም ሆኖ ቪዲዮው ብዙ ነገር ቢያመልጠው ኖሮ የሚሰረዘው ቀዶ ጥገና በጨመረ ነበር።

እኔን ከስክሪኑ ይልቅ የሚያሰጋኝ ክፍሉ ውስጥ ያለው ሰው ነው። ጫት መቃም፣ አረቄ፣ እርግዝና ቤተሰብ በተሰበሰበበት አይነገርም፤ ሦስቱም ግን ለማደንዘዣ ባለሙያው ወሳኝ ናቸው። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ «ብቻዎን ነዎት?» መሆን አለበት። አሜሪካ ያሉ ወገኖቻችንም ልጃቸውን አስተርጓሚ ከማድረግ ሆስፒታሉን አስተርጓሚ ይጠይቁ፤ በነጻ የማቅረብ ግዴታ አለበት።

«የእኛ አገር ኔትወርክ ይህን አይችልም» የሚል ተቃውሞም አለ። ቪዲዮው ቢቆራረጥ እንኳ የጥያቄው ክፍል በተራ ስልክ ያልቃል። ደም ግፊት መለካትና ልብ ማዳመጥ በአቅራቢያው ጤና ጣቢያ ሊሠራ ይችላል፤ ውጤቱም ቀዶ ጥገናው ወደሚደረግበት ሆስፒታል ይደወላል። እንዲህ ቢደረግ ከሩቅ ገጠር የሚመጣ ሰው ደም ግፊቱ ከፍ ማለቱን የሚሰማው ለመንገድ ገንዘብ ሳይበደር፣ መድኃኒት ጀምሮ ለማስተካከል ጊዜ እያለው ይሆናል።